ከከባድ የሳንባ ሕመም ለተረፉት የክትትል ቀጠሮ ይሰጣቸው፦ ለጤና ሚኒስትር ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣

በኢንፍሉዌንዛ፣ በኮቪድ-19 ወይም በሌላ ቫይረስ ሳንባቸው ክፉኛ ተጎድቶ በኦክስጅን የቆዩ ሰዎች ትኩሳታቸው ሲጠፋና ያለ ኦክስጅን መተንፈስ ሲጀምሩ «ድነዋል» ተብለው ከሆስፒታል ይወጣሉ። መዝገባቸውም እዚያው ይዘጋል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ያ መዝገብ ቶሎ እንዳይዘጋ የሚያስገድድ መመሪያ እንዲያወጡ ለመጠየቅ ነው።

ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ወደ እኔ የሚመጡት ሰዎች ሲቀመጡ ደህና ናቸው፤ ደረጃ ሲወጡ ግን ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ገላቸውን ታጥበው ሲጨርሱ እንኳ ጋደም ማለት የሚያስፈልጋቸው አሉ። ወንበር ላይ እንዳሉ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚያሳየው መለኪያ ጣታቸው ላይ ሲደረግ 96 በመቶ ያነባል። ኮሪደሩን ጥቂት ሲመላለሱ ወደ 86 በመቶ ይወርዳል። የተቀመጠ ሰው ብቻ የመረመረ ሐኪም ይህን አያገኘውም፤ ራጁም ንጹሕ ሊመስል ይችላል። «ጭንቀት ነው» ተብለው የተሸኙ ሰዎች ሲገጥሙኝ እጅግ እቆጫለሁ።

ኦክስጅን ወደ ደም የሚሻገርበት የሳንባ ግድግዳ ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ የሳሳ ነው። በከባድ ሕመም ሲቆስል አንዳንዱ ቦታ እንደነበረው ይሽራል፤ አንዳንዱ ግን ወፍራም ጠባሳ ይሆናል። ሰውዬው ሲያርፍ ደሙ በዝግታ ስለሚያልፍ ኦክስጅኑን ለመያዝ ጊዜ ያገኛል፤ ሲራመድ ደሙ ይፈጥናል፣ ጉድለቱም ያኔ ይገለጣል።

ብዙዎች እንደሚያገግሙ አውቃለሁ። ከ2003ቱ (እ.ኤ.አ.) የሳርስ ወረርሽኝ፣ ማለትም ሳንባን ከሚያጠቃው የኮቪድ ዘመድ በሽታ፣ የተረፉ የጤና ባለሙያዎች ለ15 ዓመታት በተደረገላቸው ክትትል ሳንባቸው በአብዛኛው የተሻለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ጉዳት ባለበት ቆየ። እኛ ታማሚዎቹን ከዓይናችን የምናጠፋቸው ታዲያ በእነዚያ ወሳኝ ዓመታት ነው።

የብሪታንያ የደረት ሕክምና ማኅበር በ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ በኮቪድ የሳንባ ምች ተኝተው የታከሙ ሰዎች ከወጡ ከ12 ሳምንት በኋላ ራጅ እንዲነሡ መክሯል። እኔ የምጠይቀው በዚያው ቀጠሮ የስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞ ምርመራ እንዲታከልበት ነው። የሚያስፈልገው ቀጥ ያለ ኮሪደር፣ ሰዓት፣ የጣት መለኪያና የሠለጠነ ሰው ነው። ኦክስጅኑ የወረደበት ሰው ወደ ሲቲ ስካንና ወደ ተሟላ የሳንባ ምርመራ ይላክ፤ የመተንፈሻና የአካል ብቃት ልምምድም ይጀምር። ልምምዱ ጠባሳውን አያጠፋውም፤ ባለው ሳንባ የበለጠ ለመሥራት ግን ያስችላል።

የቀጠሮው ቀን በሆስፒታል መውጫ ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ ግዴታ ያድርጉት። ቀኑ ካልተጻፈ ታማሚው ድካሙን የራሱ ስንፍና አድርጎ ቤቱ ይቀመጣል።

ምላሽዎን በአክብሮት እጠብቃለሁ።