በረካ የሚለው ስሟ ይጻፍልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ለመውሊድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ነው ይህን የምጽፈው። ጽሑፉ ጥሩ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ግን ቀረሁ። የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) እናት መንገድ ላይ ሲሞቱ «አንዲት ሐበሻዊት ባሪያ» ልጁን ወደ መካ እንደመለሰቻቸው ይናገርና ወዲያው ወደ አያታቸው ያልፋል። እኔ እሷን ጥዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ከሰለምኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቅዳሜና እሁድ፣ ከሰዓት ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሰፈራችን መስጊድ ሰባት ሴቶች ሆነን እንማራለን። መጀመሪያ ውዱእ፣ ከዚያ ሶላት፣ ከዚያ አጫጭር ሱራዎች። ለአዲስ ሰው ቀላል አይደለም። ሪያድ ሰው ቤት ስድስት ዓመት ስለሠራሁ ዐረብኛ የምችል ይመስለኝ ነበር። የማድ ቤት ዐረብኛ ግን ቂርአት፣ ቁርአን ንባብ፣ ላይ አያወጣም። «ዐ» ስል ጉሮሮዬ ይታነቃል። አንድ ቅዳሜ አልቅሼ ልቀር ስል ኡስታዛችን፣ አስተማሪያችን፣ ኪታቡን ዘጋችና «ዛሬ ሲራ ነው የምንማረው» አለች። ሲራ የነቢዩ የሕይወት ታሪክ ነው። ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅነት ጀመረች።

አባታቸው አብደላህ የሞቱት እሳቸው ሳይወለዱ ነው። ለልጁ የቀረው ውርስ አምስት ግመል፣ ጥቂት በግ እና አንዲት ሐበሻ ሴት ነበር። ስሟ በረካ። እኛ በረከት የምንለው ነው። ከግመልና ከበግ ጋር ተቆጥራ ተወረሰች። ኡስታዛችን ይህን ስትናገር ክፍሉ ጸጥ አለ።

ልጁ በመካ ልማድ ለሞግዚት ተሰጥተው በረሃ፣ ሐሊማ ዘንድ አደጉ። ወደ እናታቸው ከተመለሱ በኋላ፣ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ እናታቸው አሚና ዘመድ ለመጠየቅ ወደ የስሪብ ይዘዋቸው ሄዱ። ያኔ መዲና ገና የስሪብ ነበር የምትባለው። በረካም አብራ ሄደች። ሁለት ግመል ይዘው ነበር። አንድ ወር ያህል ቆዩ። ልጁ እዚያ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ዋና ተማሩ። በኋላ ትልቅ ሰው ሆነው መዲና ሲገቡ ያን ቤት አይተው አስታውሰውታል ይባላል። ሲመለሱ አብዋ የሚባል ቦታ ላይ አሚና ታመሙና ሞቱ። እዚያው ተቀበሩ።

አሁን እስቲ አስቡት። ከየስሪብ መካ ዛሬ በመኪና እንኳን ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መሀል በረሃ ላይ አንድ አዲስ መቃብር፣ ሁለት ግመል፣ እናቱን የቀበረ የስድስት ዓመት ልጅ፣ እና በረካ። ልጁን ይዛ መካ ገባች። ለአያታቸው ለአብዱልሙጦሊብ አስረከበቻቸው። አስረክባም አልተለየቻቸውም።

እኔ ሪያድ የሄድኩት ልጅ ላሳድግ ነው። ልጁን የተቀበልኩት በአራት ወሩ ነው። የሻርፔን ጫፍ ካልያዘ አይተኛም ነበር። ሲያተኩሰው ሌሊቱን ሙሉ ጫፉን ጨብጦ ያድራል፤ እኔም እንዳይነቃብኝ ሳልገላበጥ አነጋለሁ። ስድስት ዓመት ሲሞላው ኮንትራቴ አለቀና መጣሁ። የልደቱ ፎቶዎች ላይ የለሁም። ከፎቶው ውጪ ቆሜ የኬኩን ቢላ ይዤ ነበር። ኡስታዛችን አብዋ ላይ ስትደርስ ያ ሻርፕ ነው ትዝ ያለኝ።

የዚያን ዕለት ማታ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ክርስቲያን ናት፤ ኮምቦልቻ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው። ቡና እየቀዳች ነበር። ጀበናውን መለሰችና «አፈር ስሆን! ልጁን ይዛ ብቻዋን? ማን አገኛት በመንገድ?» አለች። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ስመለስ «ያቺ የኛዋ ዛሬ ምን አደረገች?» ትለኛለች።

እኔም የተማርኩትን እነግራታለሁ። አያታቸውም ሲሞቱ ልጁ ገና ስምንት ዓመታቸው ነበር። ከአስከሬኑ ኋላ እያለቀሱ ሲሄዱ አይቻለሁ ያለችው በረካ ናት። ልጅ ሳሉ ራበኝ ጠማኝ ብለው ሲያማርሩ አልሰማሁም፣ ጠዋት ዘምዘም ጠጥተው ይወጡና ምግብ ስናቀርብላቸው ጠግቤአለሁ ይሉ ነበር ያለችውም እሷው ናት። ይህን ልጅነት በዓይኗ አይታ የተናገረች ናት። ስሟ ሳይጠራ እንዴት ይታለፋል?

ኸዲጃን ሲያገቡ ነጻ አወጧት። በኋላ አይመን የሚባል ልጅ ወለደችና እሙ አይመን ተባለች። «ከእናቴ ቀጥሎ እናቴ ናት» ይሏት እንደነበር ይተረካል። ምላሷ እንደኔው ነበር። «ሰላም ዐለይኩም» ለማለት ስትሞክር ትርጉሙ ይገለበጥባት ስለነበር «ሰላም» ብቻ እንድትል ፈቀዱላት ይባላል። ይህን ስሰማ በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። አሁን ፋቲሐን፣ የቁርአንን መክፈቻ ሱራ፣ ሳልሳሳት አነባለሁ።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ባልደረቦቻቸው አቡበክርና ዑመር ሊጠይቋት ሄዱ። አለቀሰች። አላህ ዘንድ ያለው ለሳቸው የተሻለ አይደለም ወይ ሲሏት፣ እሱንማ አውቃለሁ፣ የማለቅሰው ወህይ (የአላህ መልእክት) ከሰማይ ስለተቋረጠ ነው አለቻቸው። ሁለቱም አብረዋት አለቀሱ።

ጋዜጦቻችን ንጉሥ ነጃሺን ይጽፋሉ፤ ቢላልንም ይጽፋሉ። ደስ ይለኛል፣ ይገባቸዋል። ግን የመጀመሪያዎቹ ሙስሊም ስደተኞች ሐበሻ ምድር ከመድረሳቸው ከብዙ ዓመት በፊት፣ ወህይ እንኳ ሳይወርድ፣ አንዲት ሐበሻ ያን ልጅ ታቅፋ ነበር። ባሪያ ነበረች ማለት ውሸት አይደለም። ግን ስምም ነበራት።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። ለመጪው መውሊድ ስለ ልጅነታቸው ስትጽፉ የአብዋን መንገድ አትዝለሉት። በረካ ብላችሁ ጻፉ። ጋዜጣውን ለእናቴ የማነብላት እኔ ነኝ። ያቺ የኛዋ መጣች ወይ ብላ መጠየቋ አይቀርም።

አንባቢያችሁ፣
ከኮምቦልቻ