የሞተች ድመት ዐይኗ ለምን አይከደንም?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ቤት እንስሳት ስትጽፉ ክትባትና አመጋገብ አይቀርባችሁም። አሟሟታቸውን ግን አታነሱትም፤ ሰው የሚጨነቀው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ እህል እነግዳለሁ። መጋዘኑን ከአይጥ ስትጠብቅልኝ የኖረችው ድመት በቅርቡ አርጅታ ሞተች፣ የልጅ ልጄ ጭን ላይ። ትንፋሿ ከቆመ በኋላ ሁለቴ አፏን ከፈተች፣ የኋላ እግሯም ተንቀጠቀጠ። ዐይኗ ፍጥጥ እንዳለ ቀረ። ሠራተኛችን ገላዋ ሳይቀዘቅዝ ወስዶ ቀበራት። ማታ ልጅቷ «እማ፣ ነፍሷ ሳይወጣ እኮ ነው የቀበርናት» ብላ እንቅልፍ አጣች። አብሽሪ ብላት ምን ይሰማል?

በነጋታው ልጅቷን ይዤ አንድ የእንስሳት ሐኪም ጋ ሄድኩ፤ እንዲህ ብሎ አስረዳን። ልብ ሲቆም ደም ወደ አንጎል አይደርስም፤ ድመቷ ወዲያው ራሷን ትስታለች። ትንፋሽን የሚያዘው የአንጎል የታችኛው ክፍል ግን ትንሽ ይዘገያልና አፏን ሊያስከፍታት ይችላል። በዚያን ጊዜ ሕመም አይሰማትም። የእግሯ መንቀጥቀጥ ጡንቻ ውስጥ የተረፈ ጉልበት ነው። ዐይን መጨፈንም የጡንቻ ሥራ ስለሆነ፣ ጡንቻው ሲላላ ዐይኗ ክፍት ይቀራል፣ ብሌኗ ይሰፋል፣ ሽንቷም ያመልጣል። ልጅቷ ቀሚሷ የረጠበው ለዚህ መሆኑን ስትሰማ ፊቷ ፈታ አለ።

ሬሳው የሚደርቀው ከ3 እስከ 4 ሰዓት ቆይቶ ነው፤ እንደ ደሴ ባለ ብርድ አገር ሊዘገይም ይችላል። ጡንቻ ለመኮማተር ብቻ ሳይሆን ለመላላትም ጉልበት ይፈልጋል፤ ያ ሲያልቅ እንደተያዘ ይቀራል። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ መልሶ ይለሰልሳል።

ስለዚህ ድመት የሞተችባችሁ ሰዎች፣ ለመቅበር አትቸኩሉ። በጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥቂት ሰዓት አቆዩአት፤ ገላዋ ቀዝቅዞ ሲደርቅ ትልቁም ትንሹም ያምናል። ጠባይዋ ድንገት ተለውጦ፣ ሰው እየነከሰች ወይም ለሀጯ እየተዝረከረከ ከሞተች ግን የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላልና በባዶ እጅ አትንኳት፣ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። የነከሰችው ሰው ካለ ቁስሉን በውኃና በሳሙና በደንብ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሐኪሞቻችንንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ድመታችንን ከመሞቷ በፊት ያያት ባለሙያ «አርጅታለች» ብሎ ብቻ ሸኘን። ሊመጣ ያለውን በሁለት ደቂቃ ቢነግረን ልጅቷ ያን ሌሊት በሰላም ታድር ነበር። እናንተም ይህን ጉዳይ በባለሙያ አስጽፋችሁ አውጡልን።

የእህል ነጋዴ፣ ከደሴ