ብርቱካናማው ቀለም ለምን ጠፋ?
ለዝግጅት ክፍሉ፦
የእህቴ ልጅ ሰሞኑን እዚሁ ጅማ ከአንድ ሱቅ ኤምፒ 5 የተባለውን አውቶማቲክ መሣሪያ የሚመስል ኤርሶፍት፣ ማለትም የፕላስቲክ ፍሬ የሚተኩስ መጫወቻ መሣሪያ ገዝቶ መጣ። አገላብጬ አየሁት። አሠራሩ ያምራል። ሰደፉ ይሳባል፣ ካዝናው ቀጭ ብሎ ይገባል። ቃታ ከመሳብ በፊት ግን ሁሌም ማቀባበል ይጠይቃል። የሚተኩሰው 6 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ፍሬ ነው። ጓሮ ወስደን ካርቶን ላይ ሞከርነው፤ በስቶት ወጣ። ዓይን ቢያገኝስ? መከላከያ መነጽር እንኳ አብሮ አልተሸጠለትም።
የባሰው ሌላ ነው። አፈሙዙን በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ከጥቁሩ ቀለም ሥር ብርቱካናማ ወጣ። መጫወቻ መሆኑን የሚለየው ምልክት እኮ ያ ነበር! አመሻሽ ላይ ከሩቅ ያየው ፖሊስ በምን ይለየው?
ነጋዴዎች፣ በፈጠራችሁ አምላክ ቀለሙን አትንኩት፤ መነጽሩንም አብራችሁ ሽጡ። የእህቴ ልጅ መሣሪያ መነጽር እስኪገዛለትና ቀለሙ እስኪመለስ ድረስ እኔ ጋ ተቆልፎበታል።
አጎት ነኝ፣ ከጅማ