ልጅቷን ይተዉአት

ለማከብርዎ አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የካ አባዶ እንደሚያውቁት ነው፤ ጠዋት ታክሲ ለመያዝ ግማሽ ቀን ይሰለፋሉ። ትንሹ ጥርሱን እየቀየረ ነው፤ ድዱን ለጎረቤቱ ሁሉ ካላሳየ አይተኛም። ስልክ ስደውል ወሬውን ስለሚያስቀይሱብኝ ነው መጻፌ። መድኃኒቱን ግን እየዋጡ ነው? «ሲሻለኝ እተወዋለሁ» የሚሏትን ነገር ሐኪሙ አልወደዳትም።

ትልቋ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል። እንዲመርቋት ቡራዩ ድረስ ብትመጣ «ክበብ፣ ኅብረት ምናምን ከሚሉሽ ራቂ፤ ትምህርትሽን ብቻ» አሏት። ለእኔ ያሉኝን ነው የደገሙት።

በ1995 ጅማ ድረስ በአውቶቡስ መጥተው ስሜን ከፀረ ኤድስ ክበቡ አሰረዙ። ድራማችን ሊታይ ሲል። አልጮሁም፣ እሱን አልክድም። የወንድምዎን ፎቶ ከኪስዎ አውጥተው ዝም አሉ። ምን ልበል? ክበቡን ተውኩት። ያን ቀን ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ፍርሃትዎ ይገባኛል። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንቱ ጥላሁን ግዛው በ1962 ሲገደል እርስዎም ተማሪ ነበሩ። የቀይ ሽብሩ 1970 ደግሞ በእኛ ቤት አይወራም።

ግን አባባ፣ እሷ የምትገባበት ሌላ ነው። ደም የሚለግሱ አሉ፣ ግጥም የሚያነቡ አሉ፣ አንደኛ ዓመቶችን የሚያስጠኑ አሉ። ዶርም ውስጥ ከየክልሉ ከመጡ ልጆች ጋር ነው የምትኖረው። አብረው አንድ ነገር ካልሠሩ ዓመቱ በ«ሰላም ነው?» ብቻ ያልቃል። ስብሰባ መምራት፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ የተዋጣ ብር ለምን እንደወጣ በደረሰኝ ማስረዳት፣ ከማይስማሙት ሰው ጋር ሳይኳረፉ መከራከር፤ ይሄ ክፍል ውስጥ አይሰጥም። እኔ በጥሩ ውጤት ተመርቄ የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ላይ «ከትምህርት ውጪ ምን ትሠሪ ነበር?» ሲሉኝ አንገቴን ደፋሁ። ሥራ ከያዝኩም በኋላ ስብሰባ ላይ እጄን ለማውጣት ስንት ዓመት ፈጀብኝ።

እርግጥ ሁሉም ክበብ ደህና አይደለም። ለሰርተፍኬት ብቻ የሚሰበሰቡም አሉ። በብሔር የሚቧደኑትን እንድትርቅ ራሴ ነግሬያታለሁ፤ እዚህ ላይ አንለያይም።

ከማስፈራራት ይልቅ ስለ ወንድምዎ ያውሯት። እንዴት እንደሞተ አይደለም፤ ምን ይወድ እንደነበር፣ ምን ያስቀው እንደነበር። እኔ እንኳ አላውቅም። ሐኪሙ ያለውን ሁለታችንም ሰምተናል፣ እና... በቃ፣ ቢያወሯት ደስ ይለኛል።

ቅዳሜ ትመጣለች። ጀሪካኑን እሷ ትሸከም፤ እርስዎ እንዳይነኩት። የሐኪም ቤት ካርዱንም ይስጧት፣ ማክሰኞ በጠዋት ሄጄ ወረፋ እይዛለሁ። «አልሄድም» እንዳይሉኝ።

ልጅዎ