ለመምህሩ ወዳጄ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ማን ቀድሞ ጠፋ ብለን አንከራከር፤ ሁለታችንም ጠፍተናል። ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብረ ብርሃን ተዛውረህ አንደኛ ደረጃ ማስተማር መጀመርህን ከእህትህ ሰማሁ። እንኳን ደስ ያለህ! ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ይኸው ወሬ ነው። የምለምንህ ነገር አለኝ።

እኔ ያው ፍርድ ቤት በር ላይ ራፖር እጽፋለሁ። ታይፑ በኮምፒውተር ተተካ እንጂ ዣንጥላውም ወንበሩም የድሮው ነው። ደንበኛው ግን ተለወጠ። ዱሮ የሚመጣው ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነበር። አሁን የሚበዛው አሥረኛ ክፍል የጨረሰ፣ ቀኑን ሙሉ ፌስቡክ ላይ የሚውል ወጣት ነው። ወረቀቱን ይዘረጋልኝና "አንብቤዋለሁ፤ ግን ምን እያሉኝ ነው?" ይለኛል።

በቀደም አንድ ልጅ መጥሪያ ይዞ መጣ። ለጓደኛው ብድር ዋስ ሆኖ ፈርሟል፤ ጓደኛው አልከፈለም፤ የተከሰሰው እሱ ነው። "እሱ እያለ እኔን እንዴት?" ይላል። ውሉን አንብብልኝ አልኩት። ጥርት አድርጎ አነበበው፣ አንድ ፊደል አልሳተም። ችግሩ አንዱ ዐረፍተ ነገር አምስት መስመር ይፈጃል። "ዋሱ፣ ተበዳሪው ዕዳውን በጊዜው ባይከፍል፣ አበዳሪው አስቀድሞ ተበዳሪውን እንዲከስ" ብሎ ይጀምርና ስለ ወለድ፣ ስለ ወጪ፣ ስለ ኪሳራ ዞሮ ዞሮ መጨረሻው ላይ "ለመጠየቅ የማይችል መሆኑን ተስማምቷል" ይላል። በአማርኛ ነገሩ የሚቆረጠው መጨረሻ ላይ ነው። መሃል ላይ የደከመው አንባቢ ተቃራኒውን ይዞ ይሄዳል። ይህ ልጅ ይዞ የሄደው ተቃራኒውን ነው።

የሚገርምህ፣ ሕጉ ጨርሶ ማንበብ ለማይችለው ያስባል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 እንደሚለው ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ የሚያስገድደው በውል አዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት ሲረጋገጥ ነው። ይሄኛው ግን ማንበብ ይችላል፣ ፈርሟል፣ አለቀ። ገብቶት ይሁን አይሁን የጠየቀው የለም። ከማያነብበው ይልቅ ግማሽ የሚያነብበው ነው ሜዳ ላይ የቀረው።

የኔታ ዘንድ ዳዊት ስንደግም ግዕዙ ይገባን ነበር እንዴ? ትርጓሜው የራሱ ጉባኤ ነበረው፤ ማንም አንባቢውን ተርጓሚ ነው አላለም። ዛሬ ግን ልጁ ሳይደናቀፍ ካነበበ ጎበዝ ተብሎ ያልፋል።

እናትህን አስብ እስቲ። ፊደል የቆጠሩት በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻውን ዩኔስኮም ሸልሞታል፤ ለእኔ ግን ምስክሩ እሳቸው ናቸው። የውሃ ቢል ሲመጣ ያለፈውን ወር ከመሶብ ሥር አውጥተው ያስተያዩ ነበር። ቢል ሰብሳቢውን "ልጄ፣ ይሄ ቁጥር ካለፈው ያንሳል፤ ቆጣሪው ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ?" ያሉት ቀን ሰፈሩ በሳቅ አለቀ። ዲግሪ የያዝነው ስንቶቻችን ነን ቢል የምናነብበው? የሚከፈለውን ብቻ አይተን ቴሌብር እንከፍታለን።

ልመናዬ ይኸውልህ። ለልጆቹ ከመጽሐፉ ምንባብ ጎን እውነተኛ ወረቀት ስጣቸው። የመድኃኒት ወረቀት፣ የመብራት ቢል፣ "ሽልማት ደርሶዎታል፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይላኩ" የሚል የአጭበርባሪ መልእክት፣ መጥሪያም ቢሆን። ያንብቡና ማን ምን አድርግ ተባለ፣ እስከ መቼ፣ ባያደርግስ ምን ይመጣል ብለህ ጠይቃቸው። መጥሪያውን አልጠላው፤ ማህተሙን አይቶ ደንግጦ መሳቢያ ውስጥ የሚከተው ብዙ ነው። ቀጠሮው ያልፋል፣ ነገሩ እሱ በሌለበት ይታያል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደኔ የሚሮጠው። "ባለፈው ሳምንት ብትመጣ ኖሮ" ማለት ሰልችቶኛል።

ወረቀቱን እኔ አሰባስብልሃለሁ። የሰው ስምና አድራሻ አጥፍቼ፣ ኮፒ አድርጌ በመኪና እልካለሁ። ስንተኛ ክፍል እንደያዝክ ብቻ ጻፍልኝ። አራተኛ ከሆነ የዋስትናውን ውል አልልክም፤ እሱ እኔንም ሁለቴ አስነብቦኛል።

ወንድምህ
ከአዲስ አበባ