ለዝምታው ጊዜም በጀት ይያዝ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የመብት ጥሰት ከደረሰባቸው ሰዎች ጋር ለሚሠሩ አርቲስቶች ስለሚሰጠው ድጋፍ ያወጣችሁትን አነበብኩ። እኔም በዚሁ ሥራ ላይ ስላለሁ አንድ ነገር ልጨምር።

ብሩ የሚለቀቀው ለኤግዚቢሽኑ ነው። ለሸራው፣ ለመብራቱ፣ ለመክፈቻው ምሽት ይከፈላል። ልጇ የጠፋባት እናት እስክትናገር ድረስ አብሯት ለሚቀመጠው ሰው ግን የድጋፍ ማመልከቻ ቅጹ ላይ ቦታ የለም። አንዳንዴ ሁለት ወር ሙሉ ምንም አይሳልም። አብሮ ቁጭ ብሎ ክር መጠቅለል ብቻ ነው።

ከዚያ ለለጋሹ የሚላከው ሪፖርት ይመጣል። «የተሳታፊዎች ፎቶ ይያያዝ» ይላል። ፊቷ ቢታወቅ ጣጣ የሚከተላትን ሴት! አንዴ እጆቿን ብቻ አንስቼ ላክሁ። «ግልጽ አይደለም» ተብሎ ተመለሰልኝ።

ቺሊ ውስጥ ከ1973ቱ (እ.ኤ.አ.) መፈንቅለ መንግሥት በኋላ፣ ዘመዶቻቸው የተሰወሩባቸው ሴቶች ከጨርቅ ቁርጥራጭ «አርፒዬራ» የሚባል ሥዕል ይሰፉ ነበር። በ1976 በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥር የተቋቋመው የአብሮነት ጽሕፈት ቤት ሥራቸውን እየገዛ ውጭ አገር ይሸጥላቸው ነበር። ሴቶቹ ታሪካቸውን ሰፉ፤ ገቢም አገኙ። የዛሬው ቅጽ ግን አርቲስቱን «ባለሙያ»፣ ታሪካቸውን የሚያካፍሉትን ተሳታፊዎች «ተጠቃሚ» ብሎ ያልፋል።

ለጋሾች ለተሳታፊዎቹም የሥራ ክፍያ ይመድቡ። ፎቶውንም ይተዉት።

አንባቢያችሁ