በግ እና በጉ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቢቸና ዝናቡ ገና አልለቀቀንም። እናትሽ ሳል ይዟት ሰንብቶ ነበር፣ አሁን ተሽሏታል።

የላክሽውን የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ ፕሪንት አስደረግሁት። ስልክ ላይ ላንብብ ብል ዓይኔ እምቢ አለኝ። ቀይ ስክሪፕቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ሐሳብሽ ጥሩ ነው። የጮቄን አፈር ያነሳሽበት ቦታ እንዲያውም ደስ ብሎኛል። ግን እንግሊዝኛው ላይ «ኤ» (a) እና «ዘ» (the) አመሱኝ። በሚገባበት ጠፍተዋል፣ በማይገባበት ተሰንቅረዋል። በሁለት ገጽ 31 ቦታ ቀይ አስነክተሽኛል።

ቅር እንዳይልሽ። እኔም ከዚያው ነው የተነሳሁት። ልጅ ሆኜ ዲማ ቅኔ ቤት ከርሜ ነው አስኳላ የገባሁት። እንግሊዝኛ መምህሩ «ዘ ኪንግ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። እጄን አውጥቼ «የንጉሥ» አልኩ። በግእዝ «ዘ» ማለት «የ» ነዋ! «ኪንግ»ን ደግሞ ከዚያ በፊት አውቄያታለሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ግእዝ ራሱ እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። «ንጉሥ» ካለ፣ ማንኛውም ንጉሥ ይሁን ያ የምናውቀው ንጉሥ፣ የምትለይው ከአገባቡ ነው። ስለዚህ ነገሩ ለረጅም ጊዜ አልገባ አለኝ።

ያስገባልኝ አማርኛ ነው። ይህቺን ስሚ፦ «ትናንት ጎረቤታችን በግ ገዛ። በጉ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አደረ።» መጀመሪያ «በግ»፣ ቀጥሎ «በጉ»። ይህን ማንም አላስተማረሽም። ከመሬት ተነስቼ «በጉ ሲጮህ አደረ» ብልሽ «የቱ በግ?» ትይኛለሽ። እንግሊዝኛም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። አንባቢሽ «የቱ?» የሚልሽ ከሆነ «ኤ ሺፕ»፣ የቱ እንደሆነ ካወቀ «ዘ ሺፕ»። እንዲያውም የእነሱ ይቀላል። እኛ ሰውዬው፣ ሴትዮዋ፣ በሬው፣ ላሚቱ እያልን ጾታ እንለያለን። እነሱ ለሁሉም አንዲት «ዘ» አለቻቸው።

አማርኛ ጉድ የሚሠራሽ «ኤ» ላይ ነው። እኛ «ተማሪ ነኝ» ብለን እንጨርሳለን። አንቺም «አይ አም ስቱደንት» ብለሽ ጽፈሻል። «ኤ ስቱደንት» ነው። የሚቆጠር ነገር ነጠላ ከሆነ ራቁቱን አይቆምላቸውም። «ኤ» ይሁን «ዘ»፣ «ማይ» ይሁን «ዚስ»፣ ከፊቱ አንድ ነገር ይፈልጋል። አንዱ ከገባ ደግሞ ሌላው ይወጣል፤ «ዘ ማይ ፕሮፖዛል» ብሎ ነገር የለም። በነገራችን ላይ «ኤ» እና «አን» የመጡት «አንድ» ከሚለው ከጥንቱ ቃላቸው ነው። እኛስ ተረት ስንጀምር «አንድ ንጉሥ ነበረ» እንል የለ?

«ኤ ሪሰርች» ያልሽውንም ሰርዤዋለሁ። እኛ ጥናት እንቆጥራለን፣ ምክር እንቆጥራለን፣ መረጃም እንቆጥራለን። እነሱ «ሪሰርች»ን፣ «አድቫይስ»ን፣ «ኢንፎርሜሽን»ን እንደ ውኃና እንደ ዱቄት ነው የሚያዩአቸው። ስለዚህ «ኤ» አይገባም። መቁጠር ካማረሽ «ኤ ስተዲ» በይ።

«ዘ ላይፍ ኢዝ ዲፊከልት» ላይ ግን ምን ነካሽ? በአማርኛ «ኑሮው ከባድ ነው» ካልሽ የአንድ ሰው ኑሮ ነው። በጠቅላላው ስታወሪ «ኑሮ ከባድ ነው» ነው የምትይው። እዚህ ላይ አማርኛሽን እመኚው፣ «ዘ»ን ጣያት። «ሶይል ኢሮዥን»ም በደፈናው ሲሆን እንዲሁ ነው። «የጮቄ አፈር» ብለሽ ስትወስኚው ግን «ዘ ሶይል ኦፍ ጮቄ» ይሆናል።

«አን ዩኒቨርሲቲ» ብለሻል። ፊደሉን አይተሽ ነው። የሚታየው ድምፁ ነው። ለተማሪዎቼ የማስተምራት ዘዴ ነበረችኝ። ቃሉን እንደሚጠራው በኛ ፊደል ጻፊው። በ«አ» ቤት ከጀመረ «አን»፣ በሌላ ከጀመረ «ኤ»። «አወር» አ ነው፣ ስለዚህ «አን አወር»። «ዩኒቨርሲቲ» የ ነው፣ ስለዚህ «ኤ ዩኒቨርሲቲ»። «ኤምኤ» አ ነው፣ «አን ኤምኤ»። ብቻ «አውሮፓ» ብለሽ እንዳትሳሳቺ፤ እነሱ «ዩሮፕ» ነው የሚሉት፣ «ኤ ዩሮፒያን»።

የቦታ ስም ብዙም ሕግ አይወድም፣ መልመድ ነው። ወንዝ «ዘ» ይፈልጋል፦ «ዘ ብሉ ናይል»፣ «ዘ ሙጋ»። ሐይቅ አይፈልግም፦ «ሌክ ታና»። አንድ ተራራ አይፈልግም፦ «ማውንት ጮቄ»። ሰንሰለቱን ስትጠሪው ግን «ዘ ጮቄ ማውንቴንስ»።

አሁን ወደ አንድ የራሴ ጉድ ልውሰድሽ። ወጣት ሳለሁ አያትሽ ታማ ሁለት ሳምንት ሆስፒታል አስታመምኳት። ያስተማረኝ አንድ እንግሊዛዊ ነበር፣ አገሩ ተመልሷል። «ኢን ሆስፒታል» ሁለት ሳምንት እንደቆየሁ ጻፍኩለት። መልሱ ሲመጣ «ምን ሆነህ ነው? ቀዶ ጥገና ነው እንዴ? እግዜር ይማርህ» ይላል። ለካ በእነሱ አገር «ኢን ሆስፒታል» ያለ ሰው ታማሚው ነው። አስታማሚ ሆነሽ ግቢው ውስጥ ከሆንሽ «ኢን ዘ ሆስፒታል» ነው። አሜሪካኖቹ ለሁለቱም «ዘ» ይላሉ፣ ገላግለውታል። «ቸርች»ም እንዲሁ ነው። ለቅዳሴ ከሄድሽ «ቱ ቸርች»፤ ቆርቆሮውን ልትመቺ ከሄድሽ «ቱ ዘ ቸርች»። አያትሽ ይህን ሳወራላት «የታመምኩት እኔ፣ የተማረው አንተ» ብላ ስቃብኛለች።

ከ31ዱ ሁሉ ያስደነገጠችኝ ግን የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለችው ናት። «አይ ሃቭ ሊትል ኤክስፒሪየንስ ኢን ፊልድ ወርክ» ብለሻል። ትንሽ ልምድ አለኝ ማለትሽ ነበር፣ አይደል? እንግሊዝኛው ግን «ይህ ነው የሚባል ልምድ የለኝም» ነው የሚለው። ሙሉ ክረምት በጭቃ ውስጥ ናሙና ስትለቅሚ ከርመሽ! «ኤ ሊትል» ስትይ ነው «የተወሰነ አለኝ» የሚሆነው። «ፊው» እና «ኤ ፊው»ም ልክ እንደዚሁ ናቸው። «ፊው ፍሬንድስ» ያለው ሰው ጓደኛ የለኝም እያለ እያማረረ ነው። «ኤ ፊው ፍሬንድስ» ያለው ግን ጥቂት ጓደኞች አሉት። ስልክሽ ላይ ያለው ማረሚያ ይህቺን ላያያት ይችላል፤ ሰዋስዋ ልክ ነዋ። ይቺን በሁለት መስመር አስምሬባታለሁ። እንደውም «ሊትል»ን ተያትና የሠራሽበትን ወር ቁጥር ጻፊ።

ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስቼ ልኬልሻለሁ። አስተካክለሽ እስከ ሐሙስ መልሺልኝ፣ አንዴ ልየው።

ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ ዕቃ እንልካለን። እናትሽ «በሶውን እንዳትረሳ» ብላኛለች። የቱን በሶ እንደሆነ እኔ አላውቅም። እናንተ ስትነጋገሩ ከርማችኋል መሰለኝ።

አባትሽ
ቢቸና